ሥራ አጥ መሆኔን ማን ይመስክርልኝ? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ሳይመጣ ቀረ። በእግራችን ስንደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በጥሬ ዕቃ እጥረትና በገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራ ለጊዜው ስለቆመ እስክትጠሩ ድረስ በየቤታችሁ ቆዩ ይላል። ማኅተም አለው፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ስጠይቅ «ሥራ ላይ አይደለሽም» ይሉኛል። መልቀቂያ ስጠይቅ «አልተሰናበትሽም እኮ፣ ሠራተኛችን ነሽ፤ መልቀቂያ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ቀበሌ ሄጄ በሥራ ፈላጊነት መዝግቡኝ ስል ደግሞ መዝጋቢዋ የፋይዳ ቁጥሬን ተቀበለች፣ የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጣ አየች፣ ቀድሞ የት እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእነሱን መልቀቂያ አምጪ፤ አለበለዚያ ሥራ ያለው ሰው መመዝገብ ይሆንብኛል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ቅጹ ላይ ያለው ክፍት ቦታ እንዲሞላላት ብቻ ነው የፈለገችው።

እንግዲህ ለፋብሪካው ሥራ የሌለኝ፣ ለቀበሌው ሥራ ያለኝ ሰው ሆኛለሁ። ለአከራዬ ይህን ባስረዳቸውም ወሩ ሲሞላ በሩን ማንኳኳታቸው አልቀረም።

ውጭ አገር ሥራ ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ ድረስ ይከፈለዋል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ የለም? ቢያንስ ይህን ሁሉ ጊዜ ከደመወዜ ሲቆረጥ የኖረው የጡረታ ገንዘብ ይመለስልኛል? የምታውቁ ንገሩኝ። «በርቺ» የሚለውን ምክር ከእናቴ በበቂ ሁኔታ ስላገኘሁ እሱን ተዉልኝ።

የጦሳ ነፋስ፦

እህቴ፣ እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣሽ። እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥራ አጥ ነኝ፤ አንቺ ቢያንስ የምትጠይቂው አሠሪ አለሽ። የእኔን ሥራ አጥነት የሚክደኝ ሰው የለም፣ የሚከፍለኝም የለም።

ደሴ ፒያሳ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ጠዋት ጠዋት የሚቆመውን ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል ይላል። ከታች ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዞ በአካል መቅረብ ይላል። ትሄጃለሽ፣ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ መንገድ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል በእርግጠኝነት ትርፍ የሚያገኘው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ለፈተና ከተጠራሽም ከአጠገብሽ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞ የሚጠይቅሽ ጥያቄ «ውስጥ ሰው አለሽ?» የሚል ነው።

«ተደራጁ» የሚለውንም ሞክረነዋል። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ስመረቅ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ጊዜው ደርሶ አምስት ሆነን ብንቀርብ መጀመሪያ ቆጥቡ ተባልን። ቆጠብን። ከዚያ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጡ ተባልን። ቋሚ ደመወዝ ያለው ዘመድ ያለው ሰው ስንት ነው? ያለውስ ቢሆን በአምስት ሥራ አጦች ላይ ደመወዙን ያስይዛል? የአንዱ ጓደኛችን አጎት መምህር ናቸው፤ ሊፈርሙልን ተነሥተው ሚስታቸው አስቀመጧቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አስቀምጣቸው ነበር።

መዝገብ ያዥ፦

ልጄ ቦርከና ዳር፣ ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤትና ከዚያም በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጥያቄሽን አንድ በአንድ ልመልስ።

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ከደመወዝሽ የሚቆረጠው 7 በመቶ እና አሠሪሽ የሚጨምረው 11 በመቶ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ለጡረታ የሚቀመጥ ነው። ሥራ ስለቆመ ብቻ ወጪ ተደርጎ አይሰጥሽም። አገልግሎትሽ ግን በጡረታ መለያ ቁጥርሽ ይያዛል፤ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ብትገቢ ይደመርልሻል። ቁጥሩን አትጣዪው።

ያለሽ መብት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ነው። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሕጉ ቋንቋ የሥራ ውል እገዳ ይባላል። አሠሪው እንዳሻው የሚያውጀው ነገር አይደለም። ከአሥር ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሥራ የሚያስቆም፣ በቅድሚያ ያልታየ የገንዘብ ችግር ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት መኖር አለበት። አሠሪው ይህን በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ቢፈቀድም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ከዚያ በኋላ ወይ ሥራ ትጀምራላችሁ፣ ወይ ውሉ ተቋርጦ የሚገባችሁ ይከፈላችኋል። «እስክትጠሩ ድረስ» የሚባል የጊዜ ልክ በሕጉ ውስጥ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ ፋብሪካው በር አይደለም። ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያውን «ይህ ድርጅት እገዳውን አስታውቋል? ከመቼ እስከ መቼ?» ብለሽ ጠይቂ። በቃል ሳይሆን በማመልከቻ ጠይቂ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩንም ጽፈሽ ያዢ።

መልቀቂያውን ለጊዜው ተዪው። የአገልግሎት ማስረጃ ጠይቂ። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛችን ነሽ ካሉሽ መልካም፤ ለሠራተኛቸው የሚሰጡትን ይስጡሽ።

ሸዋ በር፦

ጋሼ የተናገሩት ሕግ ጥሩ ነው፤ ግን ሆድ በአንቀጽ አይሞላም። እህቴ፣ እኔ ደሴ ሸዋ በር ሱቅ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሬ ማንም ደመወዝ ከፍሎኝ አያውቅም። ድንች ከገጠር አምጥቼ ሸጫለሁ፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ቸርችሬያለሁ። አሁን ያለው ወጣት ወንበር ያለበት ሥራ ካልሆነ አይነካም። ስፌት የምትችል ሰው እንዴት ሥራ አጣሁ ትላለች? አንድ የስፌት መኪና ተከራይተሽ በር ላይ ቁጭ በይ።

ቦርከና ዳር፦

ወንድም ሸዋ በር፣ ምክርህን አልናቅሁም፤ ግን ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ። እኔ አራቱን ዓመት የሰፋሁት የሱሪ ኪስ ነው። የግራ ኪስ። ቀኙን ከፊቴ ያለችው ልጅ ትሰፋለች፣ ዚፑን ሌላዋ፣ ወገቡን ሌላዋ። የግራ ኪስ በሰዓት ስንት እንደማወጣ ሱፐርቫይዘሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ በእሱ ከምርት መስመራችን አንደኛ ነበርኩ። አንድ ሙሉ ሱሪ ግን ከጨርቁ ጀምሬ ቆርጬ ሰፍቼ አላውቅም። በር ላይ ቁጭ ብዬ «የግራ ኪስ እሰፋለሁ» የሚል ጽሑፍ ልስቀል?

ደግሞ ጉልት መቀመጡን አልጠላሁትም። የሰፈሬ ልጆች በሙሉ እሱኑ ስለጀመሩ ከፋብሪካው የወጣን ሴቶች አሁን ቲማቲም የምንሸጠው እርስ በርሳችን ነው።

የሥራና ሥልጠናውን ነገር ግን አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ እሄዳለሁ።

የባቲ መንገደኛ፦

ታናሽ እህቴ ከእንደዚሁ ዓይነት ፋብሪካ ናት። «ይጠሩናል» እያለች ስትጠብቅ ቆይታ አንድ ሰኞ የባቲ ገበያ ዕለት ከሰፈር ልጆች ጋር ወጣች። አፋርን አቋርጠው ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር። አሁን ሪያድ ናት፤ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለች። አብረዋት ከወጡት መካከል ወሬያቸው ያልተሰማ አሉ።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ሰው ቁርጡን እንዳያውቅ ያደርጋል። ቁርጡን ቢነግሯት ኖሮ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። እነሱ አላሰናበቷትም፣ እሷም አልለቀቀችም፤ ደላላው ግን በየቀኑ ይደውል ነበር። በዚያ ሰሞን በሰዓቱ የሚደውልላት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሐይቅ ማዶ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ሥራ አጥቼ ስለነበር «ውጭ አገር ይከፈላል» የምትሉትን ከውስጥ ላሳያችሁ።

ይከፈላል፣ እውነት ነው። ግን ከመንግሥት ኪስ የሚወጣ ምጽዋት አይደለም፤ መድን ነው። ከደመወዝ ላይ 2.6 በመቶ ይቆረጣል፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አሠሪው እንከፍላለን። ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የከፈለ ሰው ሥራ ሲያጣ ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶ፣ ልጅ ካለው 67 በመቶ ያገኛል። ለአብዛኛው ሰው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ይረዝማል።

አሁን ወደ ብስጭቱ ልምጣ። ከሥራ እንደምትወጪ ባወቅሽ በሦስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብሽ፤ ካረፈድሽ የአንድ ሳምንት ክፍያ ይቀርብሻል። ሥራውን በራስሽ ፈቃድ ያለ በቂ ምክንያት ከለቀቅሽ ለ12 ሳምንት አይከፈልሽም። አለቃሽ ሲሰድብሽ ኖሮ ቢሆን እንኳ ማስረጃው ከአንቺ ይፈለጋል። ማመልከት ያለብሽን ሥራ ይልኩልሻል፤ ካላመለከትሽ ለምን ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። እናቴ ታማ ወደ ሐይቅ ልምጣ ስል አስቀድሜ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ለሥራ ሲጠሩኝ መገኘት አለብኝ። ፈቀዱልኝ፤ ግን የእናትሽን ሕመም ለማታውቂው ሰው በደብዳቤ ማስረዳት ደስ አይልም።

ቦርከና ዳር፣ አንቺን የሚመለከተው ደግሞ ይኸውልሽ። እኔም ክፍያዬ የዘገየው የቀድሞ አሠሪዬ የሥራ ማረጋገጫዬን ሳይልክ ስለቆየ ነው። እዚህም ሥራ ማጣትሽን የሚመሰክረው ያሰናበተሽ ሰው ነው። ልዩነቱ እዚህ አሠሪው ካልላከ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይጽፍበታል፣ ይቀጣዋልም። አንቺን ግን ራስሽ ሂጂና አምጪ ይሉሻል።

የጦሳ ነፋስ፦

ሐይቅ ማዶ፣ እኔን ያስቀናኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ደብዳቤ ሲጽፉልሽ ነው። እኔ ካመለከትኩባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱም «አልተቀበልንህም» ብሎ አልጻፈልኝም።

አንድ ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሴፍቲኔት የሚባለው ለእኛ አይሆንም? የሰፈሬ እናቶች ቦይ ሲጠርጉና ችግኝ ሲተክሉ አያለሁ፤ በባንክ ይከፈላቸዋል።

መዝገብ ያዥ፦

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ማለትህ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። እሱ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል አይደለም። በጣም ድሃ የሆነ ቤተሰብ ኅብረተሰቡ በመለመለው መሠረት የሚገባበት ነው። መሥራት የሚችል ሰው የአካባቢ ልማት ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። አንተ አባትህ ቤት ተቀምጠህ ዲግሪ ይዘህ ብትቀርብ መልማዮቹ ከአንተ በፊት የሚያስቀድሙት ሰው አያጡም፤ እነሱንም መውቀስ አይቻልም። ትናንት ደመወዝ የነበረው፣ ዛሬ የሌለው፣ ግን ገና ወለል ላይ ያልወደቀ ሰው የሚገባበት በር የለም። ቦርከና ዳር ያለችው እዚያ ላይ ነው።

የድሮ ፔሮል፦

እኔ በሌላ ወገን የነበርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያው ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ሠርቻለሁ። ስድብ ተዘጋጅቶልኝ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ግን አሠሪውንም ስሙት።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ከተማው ምን ያህል ተስፋ እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ። ከተማው እስኪለቀቅ ድረስ በነበሩት ሳምንታት የተዘረፈውንና የተሰባበረውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ያ ሳይጠገን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይሄድ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። ገዢዎች ትእዛዛቸውን ወደ ሌላ አገር ወሰዱ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተብሎ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ወደ ውጭ ለሚልክ ጥሩ ነው ይባላል፤ ጨርቁን፣ ክሩን፣ ዚፑንና ቁልፉን በዶላር ለሚያስገባ፣ የባንክ ብድር ላለበት ግን ሌላ ነው።

አሁን ነጥቤ። ሕጋችን ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ሙሉ በሙሉ የሚጭነው በአሠሪው ላይ ነው። የስንብት ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ መቼ ነው? ድርጅቱ ሲከስር! ገንዘብ ባለው ጊዜ ማንም አይጠይቀውም፤ ባዶ ኪሱን በቀረ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቀዋል። ክሱን ታሸንፊያለሽ፣ የምትረከቢው ግን የተዘጋ አዳራሽ ነው። ሐይቅ ማዶ የነገረችን ነገር የተሻለ የሚሆነው ጀርመኖች ደግ ስለሆኑ አይደለም። ገንዘቡ አስቀድሞ፣ በደህናው ቀን፣ ከሁሉም ድርጅት ትንሽ ትንሽ ተሰብስቦ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። እኛ ለጡረታ ይህን ማድረግ ችለናል፤ በየወሩ ቆርጬ ሳስገባ የኖርኩት እኔው ነኝ። ለሥራ ማጣት ለምን አይቻልም?

ሸዋ በር፦

አሁን ቁም ነገር መጣ። እኛም ዕድር አለን እኮ፤ ሰው ሲሞት ነው እንጂ ሥራ ሲሞት የሚያወጣ አይደለም። ግን ወንድሜ ፔሮል፣ ከእኔ ሱቅ ተቀጣሪ ልጅ ላይም ይቆረጥ ልትል ነው?

የድሮ ፔሮል፦

የአንተ ሱቅ ለጡረታስ ያስገባል?

ሸዋ በር፦

እሱን ተወው።

መዝገብ ያዥ፦

ፔሮል የተናገረው ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጁ ሠራተኛው ከሥራ ግንኙነት የሚጠይቀው ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ባንክ መያዣ ይዞ ሲመጣ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ቢሆንም ንብረቱ ሳይሸጥና ሳይበተን ቀድሞ የቀረበ ሠራተኛ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ መጠበቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የጊዜውም ነገር እንደዚሁ ነው። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ክስ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ለሥራ ጉዳይ ተቆጣጣሪው አካል ያቀረባችሁት አቤቱታ ጊዜውን ያቋርጠዋል፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩን ያዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቦርከና ዳር፦

ወሬ ይዤ መጣሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሥራና ሥልጠና ሄድን። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፤ መዝገቡን አውጥቶ ፈለገ። ፋብሪካው እገዳውን አስታውቋል! የተፈቀደለት 90 ቀን ነበር፣ ያም አልፏል። ማንም አልነገረንም። ባለሙያው ፋብሪካውን በደብዳቤ ጠራው።

ከዚያ በኋላ ስልኬ መጥራት ጀመረ። «ነይና ሂሳብሽን ተቀበይ» አሉኝ። ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የአንድ ወር ደመወዝ፣ 2,700 ብር፣ «የሥራ ስንብት ክፍያ» ይላል። ሁለተኛው ከአሁን በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም የሚል ነው፤ የእኔ ስም ተሞልቶ ለፊርማ ብቻ ክፍት ነው። ያለ ሁለተኛው ወረቀት አንደኛውን አንሰጥም አሉ። አብረውኝ ከሄዱት ሁለቱ ፈረሙ፤ አንዷ ልጅዋ ታሞባት ነበር፣ ምን ልበላት። እኔ አስቤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ፣ ይህ ገንዘብ ትክክል ነው?

መዝገብ ያዥ፦

አይደለም ልጄ። አብረን እናስላው።

ደመወዝሽ 2,700 ከሆነ የቀኑ 90 ብር ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 2,700 ብር። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 900 ብር ይጨመራል። አራት ዓመት ካገለገልሽ ተጨማሪው ሦስት ዓመት 2,700 ይሆናል። ድምሩ 5,400። ይህ የስንብት ክፍያው ነው፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ስለሆነ አንቺ ገና ሩቅ ነሽ። ውሉ የተቋረጠው በድርጅቱ መዘጋት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፤ 60 በ90 ሲባዛ ሌላ 5,400። በድምሩ 10,800 ብር። እነሱ የሰጡሽ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው።

በዚህ አላበቃም። ለሠራተኛ ቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረባቸው፤ ካልሰጡ ክፍያው ይጠየቃል። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰባል። ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልከፈሉ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጫ ሊጨምርባቸው ይችላል።

ስለ ሁለተኛው ወረቀት፦ ውል በስምምነት ሲቋረጥ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት እንዲተው የሚያደርግ ስምምነት ውጤት የለውም፤ አዋጁ በአንቀጽ 25 በግልጽ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የፈረሙት ጓደኞችሽም ተስፋ አይቁረጡ፤ የቀረውን መጠየቅ ይችላሉ። ቢሆንም አለመፈረም ከመፈረም ይሻላል፤ ዳኛ ፊት የምታስረጂው ነገር ይቀንስልሻል።

ካልተስማሙ በክልላችን ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ይዘገያል ትሉኛላችሁ፤ አዎ፣ ይዘገያል። ቀጠሮ ሲዛወር በገዛ እጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

የጦሳ ነፋስ፦

እኔ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ይህን ስሌት የትም አላስተማሩኝም። ጋሼ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት።

ሐይቅ ማዶ፦

አብሽሪ እህቴ። እዚህም የመጀመሪያው ስሌት ተሳስቶ ነበር የመጣልኝ፤ ተቃውሞ በጽሑፍ አስገብቼ ተስተካከለ። የሚገርመው፣ ያ መሥሪያ ቤት በስሕተቱ አላፈረም፤ «ስለ ተቃውሞዎ እናመሰግናለን» አለኝ።

የድሮ ፔሮል፦

ቦርከና ዳር፣ አንድ ነገር ከልምዴ። ደመወዝሽን በባንክ ነበር የምትቀበዪው? እንግዲያው ከባንክ የአንድ ዓመት የሂሳብ መግለጫ አውጪ፤ ማኅተም አስደርጊበት። እነሱ ፔሮሉን እናቅርብ ካሉ የትርፍ ሰዓትና የማትጊያ ክፍያው ተለይቶ ሊቀርብ ይችላል። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ላይ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ወራት ምን እንደሚያሳዩ ቀድመሽ እወቂ። ባጅሽንም አትመልሺ፤ አምጪ ካሉሽ ፎቶ አንሥተሽ፣ የተቀበሉበትን አስፈርመሽ ስጪ።

ቦርከና ዳር፦

ባጄ እጄ ላይ ነው። ለመግለጫው ነገ ባንክ እሄዳለሁ። ከፈረሙት አንዷ ይህን አንብባ አልቅሳ ደወለችልኝ፤ ከእኛ ጋር ትመጣለች። አሥራ አንድ ሆነናል፤ አቤቱታውን በአንድ ላይ ጽፈን ስማችንን ከነፊርማችን ዘርዝረን እናስገባለን።

የአገልግሎት ማስረጃውን ደግሞ ተቀበልኩ! «ሠራተኛችን ነሽ ካላችሁኝ ለሠራተኛ የሚሰጠውን ስጡኝ» ስላቸው ጸሐፊዋ ሳቀችና ጻፈችልኝ። ቀበሌ ይዤ ስሄድ መዝጋቢዋ አየችው፣ አገላበጠችው፣ «ይህ መልቀቂያ አይደለም» አለች። ከዚያ ኃላፊዋን ጠይቃ መጥታ መዘገበችኝ። ሥራ አጥ ሆኜ ስመዘገብ ደስ ይለኛል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ሸዋ በር፦

እህቴ፣ ስለ ግራ ኪሱ ስቄ ነበር፤ ግን አስቤበታለሁ። ሙጋድ አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊ ሱሪ የሚቆርጥለት እንጂ የሚሰፋለት አጥቷል። በቁራጭ ነው የሚከፍለው፤ ብዙ አይደለም። ከኮምቦልቻ ደሴ የትራንስፖርቱ ነገር ካላስቸገረሽ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።

አዲስ ገቢ፦

ሰላም፣ ውይይቱን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፤ ግን ውሌ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እያደሱ አሠሩኝና በመጨረሻ «ውልህ አልቋል» ብለው ያለ ምንም ክፍያ ሸኙኝ። እኔ ኮንትራት ስለሆንኩ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም?

መዝገብ ያዥ፦

ይመለከትህ ይሆናል ልጄ። በአዋጁ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። ለተወሰነ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው በአንቀጽ 10 ለተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በዕረፍት ወይም በሕመም የተለየ ሠራተኛን መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ መደራረብ፣ ወቅታዊ ሥራ። ሥራው ሁልጊዜ ያለ ሆኖ ወረቀቱ ብቻ በየሦስት ወሩ ከታደሰ ችሎቱ ወረቀቱን ሳይሆን ሥራውን ያያል። ምን ነበር የምትሠራው?

አዲስ ገቢ፦

ማሸጊያ ክፍል፤ ካርቶን መሙላትና መጫን። ውሉ ላይ ግን ያለው ስም የፋብሪካው አይደለም፤ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነው።

መዝገብ ያዥ፦

እንዲያ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ አሠሪህ ማን እንደሆነ መለየት አለበት። ደመወዝህን ባንክ የሚያስገባው ማን ነበር፣ የጡረታ መዋጮህስ በማን ስም ገባ? እሱን አይተህ ጻፍልኝ። ከለቀቅህ ስንት ወር ሆነህ? ስድስቱ ወር አይለፍህ።